ድምፁ የጠፋ ቴፕና የማይከፈት ዲስክ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ፥ በማግኔት ላይ ተጽፎ ኋላ አልነበብ ያለ ነገር በምን መንገድ ተመልሶ ሊነበብ እንደሚችል ነው። ርእሱ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ከመካከላችሁ አንዳንዱ «ይህስ የራዲዮ ጠጋኝ ሥራ አይደለምን?» ማለቱን ሰምተናል። በእርግጥም ብዙው የራዲዮ ጠጋኝ ሥራ ነው፤ እኛም ካቻቢቴ ይዘን ከጠጋኞች አጠገብ በመቀመጣችን አናፍርም። ነገር ግን በቀሐ ወንዝ ግራና ቀኝ ባሉት ቤቶች ውስጥ፥ በየሣጥኑና በየአልጋው ሥር፥ የሞቱና የተሰደዱ ሰዎች ድምፅ ተቀምጧል። ያ ድምፅ ይሰማ ወይስ ከቆሻሻ ጋር ይጣል የሚለውን የሚወስነው፥ ብዙ ጊዜ፥ ቤት ለማጽዳት የተነሣ ልጅ ነው። ስለዚህ ነገሩን ለጠጋኝ ብቻ መተው አልወደድንም።

በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ጎንደር የጽሑፍን መጥፋት ከማንም በላይ የምታውቅ ከተማ ናት። በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማይቱን ባስዘረፉ ጊዜ ብዙ መጻሕፍት ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ወጥተው ሄደዋል፤ በ1888 ደግሞ ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን በእሳት አጋዩ። ሆኖም ከዚያ እሳት ያመለጠ አንድ ቅጠል ብራና ዛሬ ቢገኝ፥ ጠርዙ ቢነድ፥ መካከሉን አይጥ ቢበላው እንኳ፥ ግእዝ የሚያውቅ ሰው ወደ ብርሃን አውጥቶ የቀረውን ያነበዋል። ከዓይኑ በቀር መሣሪያ አያሻውም። ቴፕ እንዲህ አይደለም። ቡናማ ጥብጣብ ነው፤ በላዩ ያለው ቅኔ ይሁን ስድብ፥ ባዶም ይሁን ሙሉ፥ ዓይን አይለየውም። የሚያነበው መሣሪያ ከሌለ ጽሑፉ ቢኖርም እንደሌለ ይቈጠራል። የዛሬውን ነገራችንን ሁሉ ያመጣው ይህ ልዩነት ነው።

የሳይንስ ተማሪ ላልሆናችሁ ጓደኞቻችን አሠራሩን በአጭሩ እንናገር። ድምፅን በማግኔት መጻፍን የጀመረው ቫልደማር ፖውልሰን የተባለ የዴንማርክ ሰው በ1898 ሲሆን፥ የጻፈውም በብረት ሽቦ ላይ ነበር። በ1928 ፍሪትስ ፍሎይመር በጀርመን አገር የብረት ዱቄትን በጥብጣብ ላይ በሙጫ አጣበቀ፤ ቴፕ ተወለደ። በ1956 አይ ቢ ኤም ኩባንያ ያንኑ አሳብ በሚሽከረከር ሳሕን ላይ አድርጎ የመጀመሪያውን የኮምፒውተር ዲስክ አወጣ፤ 50 ሳሕን ተደርድሮ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። በ1963 ፊሊፕስ ኩባንያ ቴፕን በትንሽ የፕላስቲክ ቤት ዘግቶ ካሴት አደረገው። ከዚህ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ጥብጣቡ ሦስት ነገር ነው፤ የሚሸከመው ፕላስቲክ፥ ማግኔት የሚሆነው የብረት ኦክሳይድ ዱቄት፥ ዱቄቱንም ከፕላስቲኩ ጋር የሚያጣብቀው ሙጫ። ከሦስቱ እጅግ ጽኑ የሆነው ሰዎች በቶሎ ይጠፋል ብለው የሚፈሩለት ማግኔቱ ነው። በተለመደው ካሴት ላይ ያለው ኦክሳይድ ማግኔትነቱን ጨርሶ የሚያጣው ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግል ነው፤ ተሸካሚው ፕላስቲክ ግን በ260 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። እንግዲህ «መኪና ውስጥ ፀሐይ መታውና ድምፁ ተነነ» የሚባለው ወሬ ነው። ፀሐይ የምታጣምመው ቤቱን ነው፤ ጥብጣቡን አውጥቶ ቀጥ ባለ ቤት ውስጥ መክተት ይበቃል። በአንጻሩ ደግሞ ካሴቶችን በትልቅ ድምፅ ማጕያ ላይ መደርደር የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ የድምፅ ማጕያው ማግኔት ያለ እሳትና ያለ ጢስ ሥራውን ይሠራል።

ከሰፈሩ ሰዎች ካሴት መቀበል ከጀመርን ወዲህ ያየነውን ብንናገር፥ «ጠፍቷል» ተብሎ ከሚመጣው ብዙው አልጠፋም። ጥብጣቡ የማጫወቻውን ራስ፥ ጠጋኞች ሄድ የሚሉትን፥ ተጠግቶ እንዲያልፍ ከኋላው የምትገፋው ትንሽ ስፖንጅ አለች። የተጣበቀችበት ሙጫ ሲያረጅ ትወድቃለች፤ ያን ጊዜ ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚናገር ሰው ይሆናል። መድኃኒቱ ከሌላ ዋጋ ቢስ ካሴት ስፖንጅ ነቅሎ መትከል ነው። ሌላው የሄዱ መጋደል ነው። በአንድ ቴፕ የተቀዳ ነገር በሌላ ቴፕ ሲሰማ የሁለቱ ሄዶች አቋቋም ካልተስማማ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ይጠፋና ወፍራሙ ብቻ ይቀራል፤ «ስ»ና «ሽ» አይለዩም። ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን እየሰሙ በጥቂት በጥቂቱ ማዞር ነው። እኛ አንድ የመሰንቆ ካሴት በዚህ መንገድ ስናቃና፥ ብሎኑ ሩብ ዙር ሳይሞላ የጭራው ፍትጊያ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ባለ ካሴቱም ሽማግሌ «ሌላ አዝማሪ አመጣችሁብኝ» አሉን።

የተበጠሰውን ጥብጣብ መቀጠል ቀላል ነው፤ ሆኖም በተራ ፕላስተር አይሁን። የተራ ፕላስተር ሙጫ በጊዜ ብዛት እየፈሰሰ ቀጣዩን ዙር ያያይዘዋል። የቴፕ መቀጠያ የሚባል ራሱን የቻለ ፕላስተር አለ፤ እስኪገኝ ድረስ የተበጠሰው እንደ ተበጠሰ ቢቈይ ይሻላል። ሻጋታ ያለበት ደግሞ ከመጠቅለሉ በፊት በደረቅ ቦታ ይሰንብት፤ የሚያጸዳውም ሰው አፉንና አፍንጫውን ይሸፍን። በሐምሌና በነሐሴ የሚመጡልን ካሴቶች በሻጋታ ከሌሎቹ ወራት ይልቅ የከፉ ናቸው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የሙጫው መበስበስ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተሠሩት አንዳንድ ትልልቅ የመንኰራኵር ቴፖች ላይ የነበረው ሙጫ ከአየር እርጥበት እየሳበ ይፈርሳል፤ ቴፑ ሲዞር ይጮኻል፥ ሄዱ ላይ ይጣበቃል፥ ዱቄቱም ይራገፋል። እንዲህ ያለውን ቴፕ አንድ ጊዜ «እስቲ እንስማው» ብሎ ማስኬድ ጽሑፉን ከላዩ እንደ መፋቅ ነው። መድኃኒቱ የሚያስቅ ይመስላል፤ ቴፑን ይጋግሩታል። በ50 ዲግሪ አካባቢ፥ ሙቀቱ በማይዋዥቅ ምድጃ፥ ለብዙ ሰዓት አቆይተው እርጥበቱን ያስወጡታል፤ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ይታዘዛል፤ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ይገለበጣል። ይህን በቤት ምጣድ እንዳትሞክሩ እንለምናለን። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን አሴቴት በሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ቴፖች አሉ፤ ሽታቸው እንደ ኮምጣጤ የሆነው እነርሱ ናቸው፤ እነርሱን መጋገር ማጥፋት ነው።

አሁን ወደ አንድ ካሴት እንመለስ፤ ይህን ንግግር እንድናዘጋጅ ያደረገን እርሱ ነውና። የቀሐ ሰፈር ነዋሪ የሆኑ አንዲት እናት፥ ስማቸውን አንናገርም፥ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡልን። በ1980ዎቹ ወደ ሱዳን የተሰደደው ወንድማቸው ከካርቱም በሰው እጅ የላከላቸው የድምፅ ደብዳቤ ነው። በዚያ ዘመን ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ በካሴት ተናግሮ መላክ የተለመደ ነበር፤ ፊደል ለማያውቅ ቤተ ሰብ ይቀላልና። ወንድምዬው በዚያው በስደት አርፏል። እማማ ካሴቱን ከሰሙት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ልጆቹ ቢሞክሩት አልሰማ ስላለ አስቀምጠውት ነበር።

የመጀመሪያው ገጽ ስፖንጁ ወድቆ ነበር እንጂ ምንም አልሆነም። ስፖንጅ ተከልንለት፤ ሄዱን በአልኮልና በጥጥ ጠረግን፤ ተናገረ። ሰላምታው ብቻ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ይጠራል፤ የንስሐ አባቱን፥ እድርተኛውን፥ ጥቁሯን ላም ሳይቀር። እማማ በየስሙ «አረፈ፥» «አለች፥» «አረፈ» እያሉ ይመልሱለት ነበር።

ሁለተኛውን ገጽ ስንገለብጠው ዘፈን ሆነ። ከራዲዮ የተቀዳ ዘፈን፥ አንዱ ሲያልቅ ሌላው፥ ሃያ ሁለት ደቂቃ። ካሴትን ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ከጀርባው ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፤ እያንዳንዷ አንዱን ገጽ ትጠብቃለች፤ ከተሰበረች በዚያ ገጽ ላይ መቅዳት አይቻልም። ወንድምዬው ወይም መልእክተኛው አንዲቱን ሰብሮ ሁለተኛዪቱን ረስቷል። የመጀመሪያው ገጽ የዳነው በዚያች ፍንካች ነው። ዘፈኑ በመካከል ቀጥ ሲል ደግሞ ድምፁ ተመልሶ መጣ፤ «እንግዲህ ይኸን አደራዬን እንዳትረሺ፤ ለልጁም ንገሪው» ብሎ ተሰናበተና አለቀ።

እማማ ጥቂት ዝም ብለው «ልጆቼ፥ አደራው ከዘፈኑ ሥር የለም ወይ?» አሉን።

ይህ ጥያቄ ከሰማናቸው የማግኔት ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው ነው። ብራና ቢሆን ኖሮ መልሱ «ምናልባት» ነበር፤ ፍቀው የጻፉበት ብራና የቀድሞው ቀለም በልዩ ብርሃን ይታያልና። ቴፕ መቅጃው ግን ከመጻፊያው ሄድ በፊት የሚቀድም የመደምሰሻ ሄድ አለው፤ አዲሱ ድምፅ የሚጻፈው በተደባለቀና ትእዛዝ በሌለው ዱቄት ላይ ነው። ከሥር የሚቀር ንብርብር የለም። በዳር በኩል የመደምሰሻው ሄድ ሳይደርስበት የቀረ ቀጭን ጠርዝ አንዳንድ ጊዜ ይገኛል፤ ብረት ነክ ፈሳሽ በጥብጣቡ ላይ አፍስሰው በማጕያ መነጽር ያዩታል። በእማማ ካሴት ላይ ሄዱን ጥቂት ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀስን ያንን ጠርዝ ፈለግነው፤ የተገኘው ያው ዘፈን ብቻ ነው። ስለዚህ «የለም፥ እማማ» አልናቸው።

ይኸንኑ ጥያቄ የአሜሪካ መንግሥትም ጠይቋል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 በሰኔ ወር ከረዳታቸው ጋር ያደረጉት ንግግር በተቀዳበት ቴፕ ላይ 18 ደቂቃ ተኩል የሚያህል ባዶ ጕርምርምታ ተገኘ። በ1974 ዳኛው የሾሟቸው ሊቃውንት ያንኑ ብረት ነክ ፈሳሽ አፍስሰው የመደምሰሻውን ሄድ ዱካ አዩ፤ ቴፑም ቢያንስ አምስት ጊዜ በእጅ እየተነካ እንደ ተደመሰሰ መሰከሩ። እነሆ፥ ማን እንደ ደመሰሰው ባይናገሩም እንዴት እንደ ተደመሰሰ ተናገሩ። የተነገረውን ቃል ግን አላገኙም። ከሩብ ምእተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የአገሪቱ ቤተ መዛግብት እንደ ገና በአዲስ መሣሪያ አስሞከረ፤ በ2003 አልተቻለም ብሎ ቴፑን ወደ መደርደሪያው መለሰ። የዚያን ያህል ገንዘብና ሊቅ ያላገኘውን እኛ በጥጥና በካቻቢቴ አለማግኘታችን አያስደንቅም፤ ደግሞም ለእማማ ሐሰተኛ ተስፋ ከመስጠት እውነቱን መናገር ይሻል ነበር።

በኮምፒውተር ዲስክ ላይ «አጥፋ» የሚለው ቃል ሰውን የሚያታልለው በተቃራኒው ነው። አንድ ፋይል ሲጠፋ በተለመደው ሃርድ ዲስክ ላይ የሚሰረዘው ማውጫው ብቻ ነው፤ ከመጽሐፍ ቤት መዝገብ ላይ ስሙ ተፋቀ እንጂ መጽሐፉ ከመደርደሪያው አልተነሣም። ሌላ ነገር በቦታው እስኪጻፍ ድረስ አለ። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፉን በስሕተት ያጠፋ ተማሪ ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ እጁን ማንሣት። ማዳኛ ፕሮግራም ፈልጎ በዚያው ዲስክ ላይ መጫን፥ እንደ ዘፈኑ፥ በአደራው ላይ መቅዳት ነው። (ፍላሽና አዲሶቹ ኤስ ኤስ ዲ የሚባሉት ማግኔት አይደሉም፤ ሕጋቸውም ሌላ ነው፤ ለሌላ ማታ እናቈየው።)

ዲስኩ «ጠቅ፥ ጠቅ» የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ደጋግሞ መሰካት አይገባም። አንባቢው ሄድ ከሚሽከረከረው ሳሕን በላይ የሚንሳፈፈው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ነው፤ የሰው ጠጕር ውፍረት ከዚያ አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። የሚያንሳፍፈውም አየር ነው። ይህ ለእኛ ለደገኞች ነገር አለው። ብዙዎቹ ተራ ሃርድ ዲስኮች ከ3,000 ሜትር ብዙም በማይዘል ከፍታ እንዲሠሩ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ አየሩ ሲሳሳ ሄዱ ዝቅ ብሎ ይበርራልና። ጎንደርና ደባርቅ ከዚያ በታች ናቸው፤ ሳንቃበርና ጭነቅ ግን በላይ ናቸው፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ወደ ስሜን ለጥናት የምትወጡ ጓደኞቻችን፥ ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር ስትይዙ ጭነቅ ላይ ከመክፈታችሁ በፊት አስቡበት። ማስታወሻ ደብተር በከፍታ አይታመምም።

ሕመምተኛውን ዲስክ በማቀዝቀዣ አስገብቶ ማስነሣት የሚባል ምክር በተማሪ ዘንድ ይዞራል፤ ሲወጣ ጤዛ በሳሕኑ ላይ ይወርዳል፤ እኛ አንመክርም። ገና ጥቂት የሚያነብ ከሆነ የሚሻለው፥ ዲዲሬስኪዩ የተባለው ነጻ ፕሮግራም እንደሚያደርገው፥ አስቀድሞ ደኅናውን ክፍል ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ፥ የታመመውን ክፍል በመጨረሻ እየመላለሱ መሞከር ነው። ሐኪሞቻችን ይህን ሥርዓት ከኛ ይልቅ ያውቁታል።

ተስፋ ለቈረጠ ሰው አንድ ታሪክ እንንገረው። በየካቲት 1 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር ወደ ምድር ስትመለስ በሰማይ ላይ ተሰባብራ ሰባቱም ሰዎች ሞቱ። ከወራት በኋላ በቴክሳስ በደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ የተቃጠለ፥ ብረቱ ከፕላስቲኩ ጋር የተላቀጠ ሃርድ ዲስክ ተገኘ። አዋቂዎች ከፍተው ቢያዩት ሳሕኖቹ አልተጣመሙም ነበር። በመድኃኒት አጥበው በአዲስ ቤት ከተቷቸው፤ ከተጻፈው 99 በመቶው ያህል ተነበበ። በጠፈር የተደረገው የዜኖን ጋዝ ጥናትም በ2008 ታተመ።

አሁን የምንፈራውን እንናገር። እማማ ካሴታቸውን ባመጡ ጊዜ የምናጫውትበት መሣሪያ ባይኖረን ኖሮ፥ ያልተደመሰሰውም ገጽ እንደ ተደመሰሰው ይሆን ነበር። በ1966ና በ1967 አሜሪካውያን በጨረቃ ዙሪያ የላኳቸው አምስት መንኰራኵሮች ያነሡት ሥዕል ወደ 1,500 በሚሆኑ ቴፖች ላይ ተቀምጦ ነበር። ቴፖቹን ያነብ የነበረው አምፔክስ ኤፍ አር 900 የተባለው መሣሪያ ከገበያ ጠፋ። ናንሲ ኤቫንስ የተባሉ ሠራተኛ ቴፖቹ እንዳይጣሉ ተከራክረው፥ የተረፉትን መሣሪያዎችም በቤታቸው ግቢ አስቀምጠው ዓመታት ጠበቁ። ከ2007 በኋላ ጥቂት ሰዎች በተዘጋ የምግብ ቤት ውስጥ መሣሪያዎቹን ጠግነው አስነሡ፤ በ2008 መሬት ከጨረቃ ጀርባ ስትወጣ የሚያሳየው የ1966 ሥዕል ቀድሞ ባልታየ ጥራት ወጣ። በአንጻሩ ግን ሰው በ1969 ጨረቃን ሲረግጥ የተቀዳባቸው የመጀመሪያዎቹ ቴፖች፥ የጠፈሩ መሥሪያ ቤት በ2009 እንዳመነው፥ ቴፕ በተወደደበት ዘመን ተደምስሰው ሌላ ተቀድቶባቸዋል። ራዲዮ የሚቀዳ ልጅ ቀሐ ሰፈር ብቻ አልነበረም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ1973 ኬይ ካውፍማን ሸለማይ የተባሉ አሜሪካዊት የሙዚቃ ተመራማሪ ከጎንደር ከተማ ወጣ ባለችው በአምቦበር ተቀምጠው የቤተ እስራኤልን የጸሎት ዜማ በቴፕ ቀድተዋል፤ ጥናታቸውም በ1986 በመጽሐፍ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ በ1984፥ በ1985ና በ1991 የአካባቢው ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሄዱ። እንግዲህ ያ ዜማ በአምቦበር ምድር እንዴት ይሰማ እንደ ነበር የሚነግረን የዚያ ዘመን ጥብጣብ ነው። ከዚህ ከታላቁ ጥናት ጐን ለጐን፥ ስንት ሰው በጥምቀት ዕለት በፋሲል መዋኛ ዙሪያ፥ ስንት ደቀ መዝሙር በየኔታው ፊት በበአታ፥ በራሱ ቴፕ ቀድቶ በሣጥን እንዳኖረ ማንም አልቈጠረውም። ዩኒቨርሲቲያችን ራሱ ከ1996 ጀምሮ በዳባት የቤተ ሰብ ጤና ጥናት የሚያካሂድ ነው፤ ያ ዘመን የፍሎፒ ዲስክ ዘመን ነበር። በየመምህራኑ መሳቢያ ያሉትን ፍሎፒዎች ዛሬ የሚያነብ መሣሪያ በግቢው ውስጥ ስንት እንዳለ መቍጠር የማኅበራችን ሥራ ሊሆን ይገባል ብለን አሳብ እናቀርባለን።

በእጃችን ያለው ሁለት የካሴት ማጫወቻ ነው፤ የአንደኛው ቺንጋ ላልቷል። አንድ የመንኰራኵር ቴፕ ሬኮርደርም በውሰት አግኝተናል። ስለዚህ ቤታችሁ የቆየ ቴፕ ካለ፥ ባይሠራም፥ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ለእኛ አሳዩን። ከቴፑ ጋር ካሴት ካመጣችሁ በእስክሪብቶ አትጠምዝዙት፤ ሁለቱንም ጥርሶች ከቤት ሳትወጡ ስበሩ፤ በላዩ የተጻፈውን ስም አትፋቁ፤ የማን ድምፅ እንደ ሆነ የምታውቁትን በወረቀት ጻፉ። የገለበጥነውን በሁለት የተለያየ ቦታ እናኖራለን፤ ዋናውንም ለባለቤቱ እንመልሳለን። ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ መብራት ካለ፥ በላቦራቶሪው በር አጠገብ እንገኛለን። በአሁኑ ሰዓት ተራ የሚጠብቁ ሰባት ካሴቶች አሉ።